ዛህራ ቁጭ ብላ ያየችው ቴአትር

የቡታጅራን አሮጌ አዳራሽ መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጉራ ለመንዛት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ሠላሳ ስምንት ሜትር ቀይ ከፈይ፣ ከነጥቁር ገበሩ፣ በእግር መኪና፣ አሥራ ሁለት ቀን! ጨርቁ ከሱቄ አልፎ በረንዳውን ሞልቶት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ሸረፋ፣ ሙሽራዋ ስንት ኪሎ ናት?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ።

የማወራው ግን ስለ መጋረጃው ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ስለ ዛህራ ነው። መጋረጃውን አልፎ አልፎ ባነሳ ታገሱኝ፣ አሥራ ሁለት ቀን ቀላል አይደለም።

ዛህራን ቡታጅራ ውስጥ የማያውቃት የለም። ገበያ ውስጥ በርበሬ ትሸጣለች። ዕድሜዋ ስድሳ አራት ነው፤ እሷ ግን ስድሳ ከሞላች ወዲህ መቁጠር አቁማለች። ቁመቷ አጭር ነው። ድምጿ ግን ከገበያው አንድ ጫፍ ሆና ስትጣራ ሌላው ጫፍ ያለ ሰው «አቤት» ይላል። ይህን ድምፅ በርበሬ አይደለም የሰጣት፤ የድሮ ሥራዋ ነው። ወጣት ሳለች የዚያው አሮጌ አዳራሽ ቦታ አሳይ ነበረች።

ያኔ አዳራሹ ሲኒማ ቤት ነበር። ቅዳሜና እሑድ የህንድ ፊልም ይታይበታል፣ በሌላው ቀን ቀበሌ ይሰበሰብበታል። ዛህራ በር ላይ ሰው ታሰልፋለች፣ ቲኬት ትቀድዳለች፣ ከዚያ ባትሪዋን ይዛ በጨለማው እያሳየች ሁሉንም በየቦታው ታስቀምጣለች። በየቦታው ስል በቁጥር እንዳይመስላችሁ። ወንበሮቹ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ቁጥሩ ዛህራ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በአጥር የተካሰሱ ጎረቤታሞችን አታቀራርብም። የሚያስለውን ሰው በር አጠገብ፣ ሲጋራ አጫሹን መስኮት ሥር፣ ሕፃን የያዘችውን ደግሞ ዳር ታደርጋለች። እጮኛሞች ምሰሶው ጀርባ ለመቀመጥ ቢለማመጧት፣ ቢያለቃቅሱባት፣ «አባትሽ ያውቀኛል» ብላ መሀል አዳራሽ፣ ከሽማግሌ አጠገብ ትጥላቸዋለች። እኔን ሁልጊዜ አራተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነበር የምታስቀምጠኝ፣ እግሬ ረጅም ስለሆነ። አንድ ሰው አንዴ ዛህራ ካስቀመጠችው እዚያው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳትነግረውም ሄዶ እዚያው ይቀመጣል።

ታዲያ የዚህች ሴት ዕድል አያስቅም? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት ሠርታ አንድም ፊልም ጨርሳ አላየችም። አስቡት እስኪ። ፊልሙ ሲጀመር ዘግይቶ የሚመጣ አለ። እኛ አገር ደግሞ በሰዓቱ የሚመጣ ማን አለ? በሩ ይከፈታል፣ «ዛህራ!» ይባላል፣ ባትሪዋን ይዛ ትሮጣለች። አንዱን አስቀምጣ ሳትጨርስ ሌላው «ዛህራ! ቦታዬን ያዙብኝ!» ይላል። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲያበቃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ይላል፤ ያኔ በሩን ደገፍ ብላ ታያለች። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ወጥታ የውጭውን በር መክፈት፣ ሰው እየተጋፋ እንዳይረጋገጥ መሀል ላይ መቆም አለባት። ስለዚህ ዛህራ የምታውቀው መሀል መሀሉን ነው። ሰውዬው ለምን እንደሚያለቅስ ሳታውቅ ሲያለቅስ አይታዋለች። ልጅቷ ከማን እንደምትሸሽ ሳታውቅ ስትሸሽ አይታታለች። ትድረስ አትድረስ ግን አላህ ያውቃል።

ከዚያ ሲኒማው ተዘጋ። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ከዚያም የሌሊት ወፍ ማደሪያ። ዛህራም ወደ በርበሬዋ ገባች። አሁን በቅርቡ የከተማው ተወላጆች አዋጥተው፣ ጣሪያው ተቀይሮ፣ የእንጨት ጌጡ ተፍቆ፣ ግድግዳው የድሮ ቀለሙን ተቀብቶ፣ መጋረጃም ተሰፍቶለት (በማን እንደተሰፋ ታውቃላችሁ) ሊከፈት ሆነ። ለመክፈቻው ከጣሊያን አገር የመጡ ተዋንያን በጣሊያንኛ ቴአትር ያሳያሉ ተባለ።

«ለምን በጣሊያንኛ?» አልኳት ናዝራዊትን። ናዝራዊት ዝግጅቱን የምታስተባብረው ልጅ ናት፤ ጎንደሬ ናት፣ እኛ ከተማ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስትናገር ማር ናት።

«ጋሽ ሸረፋ፣ ቴአትር እኮ ቋንቋ አይጠይቅም» አለችኝ።

«እሺ፣ ታዲያ እነሱ ለምን ይናገራሉ?»

ሳቀች፤ ሁለት ቲኬት ሰጠችኝ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለባለቤቴ ለሰፍያ። ሰፍያ ግን ቴአትሩ ባለበት በዚያው እሑድ የእህቷ ልጅ ሠርግ አለባት፤ ሠርግ ትታ የጣሊያን ወሬ የምታዳምጥ ሴት አይደለችም። ቲኬቱን ይዤ ዛህራ ዘንድ ሄድኩ። በርበሬ እየነፋች ነበር፤ አስነጠሰኝ።

«እሑድ ቴአትር አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ። በር ላይ ሰው ፈለጉ እንዴ?»

«አይ፣ አንቺ በቲኬት ነው የምትገቢው።»

ወንፊቷን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ቲኬቱን ተቀብላ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ አነበበች። «ረድፍ ሰባት፣ ቁጥር አሥራ አንድ። ይሄ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ሌላ ሰው መጥቶ ቦታዬ ነው ቢለኝስ?»

«ቲኬትሽን አሳይተሽ አባሪው።»

እንደገና አነበበችው። «ስማ ሸረፋ፣ ጣሊያንኛ ይሁን የጅብ ቋንቋ ይሁን ግድ የለኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ። አንዴ። አንዴ ብቻ። ሳልሞት።» ይህን ስትል ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ እኔም በበርበሬው አሳብቤ ዓይኔን ጠረግኩ።

ባሏ ሰይዶ ሲሰማ «የማይገባሽን ነገር ሦስት ሰዓት ተቀምጠሽ ልታዪ?» ብሎ ሳቀባት አሉ። «አንተንስ አርባ ዓመት አይቼህ የለም እንዴ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ሰይዶ ስለ ቴአትር አላነሳም።

በማግስቱ ጨርቅ ይዛ ሱቄ መጣች። ሰው ሁሉ የሚያዘኝ ቆሞ የሚያምርበት ቀሚስ ነው። ዛህራ ግን «ቁጭ ሲሉበት የማይጨማደድ፣ ጉልበት ላይ የማይዝ» ብላ አዘዘችኝ። ልለካት ስል ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እንዲህ እያለሁ ለካኝ» አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያዘዘኝ ሰው የለም። ለካኋት እንጂ ምን አደርጋለሁ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ነው የተባለው፤ ዛህራ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሬን ደበደበችው። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ከጠራጊዎቹ በቀር ማንም የለም። ዛህራ በሩ ላይ እግሯ ቆመ፤ ልማድ ሆኖባት እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ልትቆም ነበር። ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ረድፍ ሰባት፣ ቁጥር አሥራ አንድ። ወንበሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ተቀመጠች። እኔ መጋረጃዬን አየሁ። ወላሂ ያምር ነበር።

ሰዉ መግባት ሲጀምር ነው ጉዱ የመጣው። አዲሶቹ ወንበሮች ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ በየሰዉ እጅ ያለው ቲኬት ላይም ቁጥር አለ። የኛ ከተማ ትልልቅ ሰዎች ግን ቲኬታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቀጥ ብለው ሄደው ዛህራ ድሮ ያስቀመጠቻቸው ቦታ ላይ ቁጭ! አንድም ሰው ቁጥር አላየም። የሚያስለው ሽማግሌ ሳሉ ከለቀቀው ሀያ ዓመት አልፎታል፣ እሱም በር አጠገብ ተቀመጠ። ብረታ ብረት ነጋዴው አሚኑ ሁለተኛው ረድፍ ምሰሶው ጎን ተሰየመ። ከጉብሬ በሚኒባስ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቲኬታቸውን ይዘው ከበላዩ ቆሙ።

«አባባ፣ ይሄ የኛ ቁጥር ነው።»

«እዚህ ያስቀመጠችኝ ዛህራ ናት!»

«መቼ?»

«በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት!»

ልጆቹ ተያዩ። አሚኑም አንገቱን አዙሮ አያትና «ዛህራ! ነይ እስኪ ንገሪያቸው!» ብሎ ጮኸ። እሱ ሲጀምር ሌላውም ተከተለ። «ዛህራ! ቦታዬን!» «ዛህራ፣ የኛ ረድፍ የታለ?» «ዛህራ፣ ይሄ ሰውዬ እግሬን ረገጠኝ!» አዳራሹ ሙሉ ዛህራ ዛህራ ሆነ። እሷ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከትታ፣ ፊቷን ወደ መድረኩ ተክላ ተቀምጣለች።

«ዛሬ እንግዳ ነኝ!» አለች በዚያ ድምጿ። «ቁጥር አንብቡ! መሃይም ናችሁ እንዴ?»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እጄን ይበላኛል ሸረፋ። አሚኑን ብቻ አንስቼው ልምጣ?» አለችኝ። «እንዳትሞክሪው» አልኳት። ተማሪዎቹ ደረጃው ላይም፣ ባዶ የተገኘ ወንበር ላይም ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ነገሩ እንዲሁ በረደ።

ቀጥሎ የከተማው ኃላፊ አቶ ባዩ ንግግር አደረጉ። አቶ ባዩ ደግ ሰው ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፤ ማይክ ከያዙ ግን አይለቁም። ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ልማት፣ ስለ ኮብልስቶን ተናገሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ሲጨርሱ ማይኩም ጨረሰ፤ ጨርሶ ሞተ። ወዲያው መብራት ጠፋና መጋረጃዬ ተከፈተ። ሳይያዝ፣ ሳይንቋቋ፣ እንደ ውሃ ነው የተከፈተው። አጠገቤ ያለውን ሰው «አየኸው?» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። ከማን ጋር እንደምኖር እዩልኝ።

«ጀመረ!» አለች ዛህራ፤ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው። «ሸረፋ፣ ጀመረ እኮ!»

የገባኝን ልንገራችሁ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ። አንዲት ልብስ አጣቢ አለች። ጋጋሪው ይወዳታል፣ ግን አፉ ይተሳሰርበታል፤ ዳቦ ሊሰጣት ብሎ ሊጥ ይሰጣታል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቁጡ ወንድም አላት፣ ኮፍያ የሚያደርግ። እሱ ገባ ሲል ከኋላችን ያሉ ሴቶች «መጣ ደግሞ ይሄ!» ይላሉ። ቋንቋውን ማን ፈለገው? አሚኑ እንዲያውም በየመሀሉ ለጎረቤቱ ይተረጉም ነበር፤ ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል። በመጨረሻ ወንድምየው ተቆጥቶ ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ ወጣ፤ ጋጋሪውና አጣቢዋ ቀለበት አደረጉ፣ አኮርዲዮን ተነፋ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራት በራ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ የአሱር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ተሰማ።

እንግዲህ ፍረዱን። ተጋቡ፤ መጋረጃ ተዘጋ፤ አዛን አለ። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል? ሰዉ አጨበጨበ፣ «ማሻአላህ፣ ይባርክላቸው» ተባባለና ወደ በሩ ጎረፈ። ናዝራዊት መድረኩ ላይ ወጥታ በሞተው ማይክ አፏን ስታንቀሳቅስ አይቻለሁ። የምስጋና ንግግር መስሎኝ አጨበጨብኩላት። ተነስቼም «በይ እንሂድ፣ እንኳን በሰላም ተፈጸመ» አልኳት ዛህራን።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «መሀል ነው።»

«ተጋቡ እኮ!»

«ሰው ሲጋባ ያልቃል ያለህ ማነው? አንተ ሰፍያን ስታገባ አለቀ?»

ጣቷን ወደ መድረኩ ቀሰረች። «ኮፍያውን ጥሎ የሄደው ሰውዬ አልተመለሰም። ሙሽራይቱ ዳቦ ስትቆርስ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ስታይ አላየሃትም? አንተ መጋረጃ ነው የምታየው። አሥራ አራት ዓመት መሀል ላይ ቆሜአለሁ፤ መሀልን ለኔ አትንገረኝ። ይሄ መሀል ነው።»

ከኋላ ባለችው ክፍል እሷም እኔም ሰግደን ስንመለስ አዳራሹ ውስጥ እኛ ሁለታችንና አፉን ከፍቶ የተኛ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተናል። ናዝራዊት ስትሮጥ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«እትዬ ዛህራ፣ ጋሽ ሸረፋ፣ እረፍት ነበር እኮ! የሩብ ሰዓት እረፍት! ሰዉ የት ሄደ?»

«ቤቱ» አልኳት።

«ዳይሬክተሩ በመጋረጃው ቀዳዳ አየና ተናደደ።» (መጋረጃው ቀዳዳ የለውም፤ ሁለቱ ጠርዞች የሚገናኙበት ነው።) «ለባዶ ወንበር አንጫወትም፣ ልብሳችንን ልንቀይር ነው እያሉ ነው።»

ዛህራን አየኋት። ያ በርበሬ የማያስነጥሰው ፊት ጠቆረ። ጉልበቷን ይዛ መነሳት ጀመረች።

«በቃ፣ እኔ ልሂድና ልጥራቸው። እኔን ይሰማሉ።»

ልክ ነበረች፣ ይሰሟታል። አንዴ ከወጣች ግን መች ትቀመጣለች? የምትጠራውን ሰው በር ላይ ትቀበላለች፣ በጨለማው ታስገባለች፣ አንዱን ስታስቀምጥ ሌላው ይጠራታል፤ መጨረሻው ያመልጣታል። እሷም ታውቀዋለች። እንዲያም ሆኖ እየተነሳች ነበር። አንጀቴን በላችው።

«ተቀመጪ!» አልኳት። «እኔ እጠራቸዋለሁ።»

«አንተን ማን ይሰማሃል?»

«መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ…»

«ያ ረቢ! እሱንማ አገር ሰምቷል» አለችኝ። ግን ተቀመጠች።

ወጣሁ። መስጊዱ በር ላይ፣ ባጃጅ ተራው ላይ፣ ሻይ ቤቶቹ ውስጥ፣ በአምሳ ስምንት ዓመቴ በአዲስ ኮት እየሮጥኩ «አላለቀም! ተመለሱ!» አልኩ። ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። «ሸረፋ ምን ነካው?» ይባባላሉ። በኋላ ዘዴ መጣልኝ።

«ሙሽሮቹ ሊጣሉ ነው!» አልኩ።

ሻይ ቤቱ እንዳለ ተነሳ። «ማን ነው የሚጣላው?» «ባልና ሚስቱ!» «አሁን?» «አሁን ነው፣ ኮፍያ ያለው ሊመለስ ነው!» አሚኑ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና «እኔ ፊቷን አይቼ አውቄ ነበር» ብሎ ከፊት ቀደመኝ። ስድሳ፣ ሰባ ሰው ይሆናል የተመለሰው። ዳይሬክተሩ የመጀመሪያዎቹን ሀያ ሰዎች ሲያይ ደስ አለውና መብራት አስጠፋ። የቀረው ግን ገና እየመጣ ነው። ናዝራዊት ከመድረክ ጀርባ ገብታለች። በሩ ላይ ማን ቀረ? እኔ።

ስልኬን አብርቼ ቆምኩ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። አንዱን ስይዝ ሌላው ይገፋኛል። አንዷን በልጇ ላይ ላስቀምጣት ነበር። በአጥር የተካሰሱትን ጎን ለጎን ሰካኋቸው፤ አንዱ ጨለማ ውስጥ ሲያጉረመርም ነው የነቃሁት። መድረኩን ልይ ብዬ ዞር ባልኩ ቁጥር ትከሻዬን የሚነካኝ አለ። አንዴ ሳህን ሲሰበር ሰማሁ፤ ማን እንደሰበረው አላየሁም። አንዴ ሰዉ በሙሉ ሳቀ፤ በምን እንደሳቀ አላውቅም። በጣም ተናደድኩ። ቴአትሩ እዚያው ከፊቴ እየሄደ፣ እኔ የማየው የሰው ጀርባና የወንበር እግር! ያን ጊዜ የዛህራን አሥራ አራት ዓመት አሰብኩት።

እንደምንም ሁሉንም አስቀምጬ ልተነፍስ ስል በሩ ተበረገደ። አቶ ባዩ ናቸው። ከወልቂጤ፣ ከዞን የመጡ አምስት እንግዶች አስከትለዋል፤ እንግዶቹ ምሳ ላይ ቆይተው፣ እሳቸውም ከንግግራቸው በኋላ ሊያመጧቸው ወጥተው ነው።

«የኛ ቦታ የታለ?» አሉ፣ ማይክ እንደያዘ ሰው።

የፊተኛውን ረድፍ ተማሪዎቹ ይዘውታል፤ ባዶው ወንበር ደግሞ መሀል ነው፣ ሰው ሳያስነሱ አይደረስበትም። መድረኩ ላይ አጣቢዋ ለብቻዋ ናት። ምንም አትናገርም፤ የወንድሟን ኮፍያ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አዳራሹ ትንፋሹን ይዟል። ከእንግዶቹ አንዱ ወንበር መታና ተንኳኳ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አቶ ባዩም «ምንድን ነው ይሄ? ሥርዓት የለም እንዴ?» እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አሚኑ ከተቀመጠበት ዳር ተነስቶ መጣና «ዛህራን ጥራት! እሷ ታስተካክለዋለች!» አለኝ።

እውነት ነው፣ ታስተካክለው ነበር። በግማሽ ደቂቃ። አፌን ከፈትኩ። «ዛ…» ብዬ ጀምሬአለሁ። ያኔ ረድፍ ሰባትን አየሁ። ዛህራ አልዞረችም። ከአዳራሹ ሁሉ ያልዞረችው እሷ ብቻ ናት። ትከሻዋን ግን ወደ ላይ ሰብስባዋለች፤ ስሟ እስኪጠራ እየጠበቀች ነው። ለመነሳት ተዘጋጅታ፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል፣ የቀረቻትን ያህል እያየች ነው። አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። እኔ ራሴ በዚህች ሴት ላይ ስንት ጊዜ ጮኼአለሁ? «ዛህራ፣ እግሬ አልገባም! ዛህራ፣ እነዚህን ዝም አሰኚልኝ!»

አፌን ዘጋሁ። በአንድ እጄ የአሚኑንም አፍ ዘጋሁት። በሌላው አዲሱን ኮቴን አውልቄ ደረጃው ላይ አነጠፍኩና አቶ ባዩ ጆሮ ላይ «ክቡር አቶ ባዩ፣ እዚህ ይቀመጡ። ካልሆነም ይውጡ። ድምፅ ግን አይሰማ!» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እሳቸውም ደንግጠው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ እንግዶቹም ደረጃው ላይ በተርታ ቁጭ ቁጭ አሉ። አሚኑ እጄ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ነከሰኝም ማለት እችላለሁ። አልለቀቅኩትም። ፊቴን ወደ በሩ፣ ጀርባዬን ለመድረኩ ሰጥቼ፣ አፉን እንደያዝኩት ጭብጨባው ተነሳ።

አለቀ። በምን እንዳለቀ አላየሁም። አሚኑም አላየም፤ እስከ ዛሬ አይምረኝም።

ሰዉ ሲወጣ በሩን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ረድፍ ሰባት ሄድኩ። ዛህራ እንደተቀመጠች ናት። እጆቿ ከጭኗ ሥር ወጥተው ጉልበቷ ላይ ተዘርግተዋል፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

«ምን ሆነ?» አልኳት። «ወንድምየው መጣ? ታረቁ?»

«እንጃላቸው» አለች። «ብዙ ተናገሩ። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ያለቀሰችበት ነገር ቋንቋውን ብችል ነበር የሚገባኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንደ ልጅ ነበር ፊቷ። «ማንም አልጠራኝም እኮ ሸረፋ» አለች። «እስከ መጨረሻው፣ ማንም።»

የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፍ እያንቃጨለ መጣና «እማማ፣ ልዘጋ ነው፣ ተነሱ» ሊል አፉን ሲከፍት በጣቴ ዝም አሰኘሁት።

«ቆይ» አልኩት። «ተቀምጣለች።»